የዕጢው ጎረቤቶች

ጥር 9

ይድረስ ለእትዬ፣

«ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ግን ተናድጃለሁና በንዴቱ ልጀምር። ስልክ ማንሳት ካቆምሽ ስንት ጊዜሽ ነው? ቀን ስደውል ጋሼ ያነሳና «እህትሽ ሥራ ላይ ናት» ይለኛል፤ ማታ ስደውል «ተኝታለች» ይለኛል። ባልሽ ከመቼ ወዲህ ነው ጸሐፊሽ የሆነው? አሁን ደግሞ «ስልክ የሥራ ፈት ነው፣ ቁም ነገር ካለሽ ጻፊልኝ» ብለሽ ደብዳቤ ትልኪልኛለሽ። አንቺ! መኪና ውስጥ ሆነሽ ሰልጣኝ ላይ ስትጮኺ ማዶ ያለው ትራፊክ ፖሊስ የሚደነግጥልሽ ሴትዮ! እሺ፣ ይሁን። ታላቅ ነሽ፣ ያልሽው ይሆናል።

ስለ ሥራዬ መጠየቅሽ ግን ደስ አሰኝቶኛል። እናታችን እንኳን «ልጄ በማይክሮስኮፕ ታያለች» ከማለት አልፋ ምን እንደማይ ጠይቃኝ አታውቅም።

የማየው ዕጢ ነው። ከታካሚ ተቆርጦ የወጣ ዕጢ ይመጣልናል፣ እኛ ህዋሳቱን ሳህን ላይ እናሳድጋለን። ፕሮፌሰሩ የሚፈልገው የካንሰሩን ህዋሳት ብቻ ነው። ዕጢ ግን ብቻውን ኖሮ አያውቅም። በዙሪያው ጤነኞች አሉ፤ ሥጋን ከሥጋ የሚያያይዙ፣ ቁስል ሲፈጠር ሮጠው የሚጠግኑ። እኔ ጎረቤቶቹ እላቸዋለሁ። እኛ ላብራቶሪ ግን ስማቸው «ቆሻሻ» ነው፤ ሳህኑ ላይ ከበቀሉ ታጥበው ይደፋሉ። እኔ ሳይደፉ ለየብቻ ሳህን ሰጠኋቸው። ጨረር ዕጢውን ሲመታ እነሱ ምን እንደሚሆኑ ማወቅ ፈለግሁ፤ ይኼው ነው ጥፋቴ። ፕሮፌሰሩ አየና «ቆሻሻ ማርባት ጀመርሽ?» ብሎ በሰው ፊት ሳቀብኝ። እሱ ሲስቅ ደግሞ የማይስቅ የለም፤ ጠርሙስ አጣቢው ሳይቀር ሳቀ።

በዚህ ላይ አንድ ጎርናና ሽማግሌ በላብራቶሪው ስልክ እየደወለ ይተነፍስብኛል። ከጉሮሮው ዘይት ያጣ በር የመሰለ ድምፅ ይወጣል፣ ቃሉ አይለይም። በቀደም ትዕግሥቴ አልቆ «ጌታዬ፣ ተሳስተዋል! ዕድሜዎን ያክብሩ!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ ተወኝ።

ጋሼንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ስልክሽንም አንሺ።

ሚጣሽ

———

ጥር 20

ሚጣዬ፣

ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፣ ልጆቹም፣ ጸሐፊዬም።

ስለ ሽማግሌው የጻፍሽውን አነበብኩ። ማን እንደሆነ ሳያጣሩ ሰው ላይ ስልክ አይዘጋም፤ ምናልባት የቸገረው ነው። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እኔም የምናደድበት አላጣሁም። ትናንት አንዱ ሰልጣኝ፣ ክራቫት አድርጎ የሚመጣ የባንክ ሠራተኛ፣ መስቀለኛ መንገድ መሀል ሲደርስ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋበት። እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፍሬኑን ረግጦ ቆመ። መሀል ላይ! ከቀኝም ከግራም መኪና እየመጣ! ዳሽቦርዱን በጥፊ ብመታው እጄ እስከ ዛሬ ያመኛል። ዳር ካስያዝኩት በኋላ እንዲህ አልኩት፦ «መፍራት ከፈለግህ ሳትገባ ነበር። ከገባህ በኋላ መሀል ላይ ቆሞ የዳነ የለም። ጨርሰህ ተሻገር!» አለቀሰ ብልሽ ታምኛለሽ? ክራቫቱን አድርጎ አለቀሰ።

አሁን ወደ ጎረቤቶችሽ ልመለስ። አንዲት ሰልጣኝ አለችኝ። ጉሮሮዋ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶባት ሰሞኑን ጨረር ጀምራለች። በፊቷ ልክ የተሠራ ጭምብል አልብሰው ከአልጋው ጋር ይቆልፏታል፤ ምራቅ መዋጥ እንኳን በፈቃድ ነው። ባለሙያው «አይዞሽ» የሚላት ከወፍራም ግድግዳ ጀርባ ሮጦ ከተደበቀ በኋላ ነው። ሐኪሙ ደግሞ የሚያናግረው እሷን አይደለም፣ አንገቷን ነው። ምንም ብትጠይቅ «እኛ እናውቃለን» ነው መልሱ። ቢያውቁ ምን ነበረበት፣ ለእሷም ትንሽ ቢያካፍሏት! እኔም «እህቴ የዚህ ነገር ሊቅ ናት» ብዬ ጉራ ነፋሁልሽ። ጎረቤቶቹ ጨረር ሲመታቸው ምን እንደሚሆኑ ጻፊላት። እንዳትፈራ ብለሽ አትቀንሺ።

እትዬሽ

———

የካቲት 8

እትዬ፣

ደስ ብሎኝም ተናድጄም ነው የምጽፍልሽ። ለሰልጣኝሽ አይዞሽ በያትና ይህን አንብቢላት፤ ከሐኪሟ ቀድማ ትስማው።

ጎረቤቶቹ አይሞቱም! ጨረር ያሳረፍኩባቸው ሳህኖች ላይ የካንሰሩ ህዋሳት እንደ ቅጠል ረገፉ፤ ጎረቤቶቹ ግን እዚያው ናቸው። መባዛት አቁመዋል፤ ሰፍተው፣ ተለጥጠው፣ እንደ አኮረፈ ሰው ተዘርግተው ተቀምጠዋል። ዝም ያሉ ይመስላል እንጂ ዝም አላሉም። ቁስል ያዩ መስሏቸው የጥገና መልእክት ይረጫሉ፣ ቀንም ሌትም። ከዚያ ሳይሞቱ የቀሩ ጥቂት የካንሰር ህዋሳት አጠገባቸው አስቀመጥኩ። እትዬ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ብቻቸውን ከተቀመጡት በእጥፍ አደጉ። ለቁስሉ የተላከውን እርዳታ ካንሰሩ በላው። ጨረሩ ጠላትን ልምታ ብሎ ጎረቤቱን ስንቅ አቀባይ አደረገው ማለት ነው!

ፕሮፌሰሩ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? «ሳህንሽ ተበክሎ ይሆናል።» ሁለተኛ ሠርቼ አሳየሁት፤ «አስደሳች ነው» ብሎ ወደ ስብሰባው ሄደ። ዓለም ሙሉ ጎረቤቱን ዞር ብሎ ሳያይ ሰው ያቃጥላል! ይህ የማያናድድ ምን ያናድዳል?

ድምፅሽ ናፍቆኛል፤ ስድብሽ ጭምር።

ሚጣ

———

የካቲት 18

ሚጣ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩላት። አንድም ቃል አልቀነስኩም።

ወረቀቱን ይዛ ሐኪሟ ዘንድ ሄደች። «ጎረቤቶቹስ?» አለችው። «የምን ጎረቤት?» አላት። አስረዳችው፣ አንቺ እንደጻፍሽው። ሳቀ። ለተማሪዎቹ ዞሮ «ታካሚያችን ተመራማሪ ሆነዋል» አላቸው፤ ተማሪዎቹም ሳቁ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በማግሥቱ አልሄደችም፤ ከዚያም ወዲያ አልሄደችም። ከቀረች ሰነበተች።

እኔ ደግ አደረገች ብያለሁ። ሥጋዋን ለሚስቅባት ሰው አሳልፋ የምትሰጠው ለምንድን ነው? ስንቅ አቀባይ እያበዛላት እሱ ይስቃል?

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ጎረቤቶቹ እንደ ድሯቸው ለመሆን ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባቸዋል? ካሁን ወዲያ ጨረሩ ካልነካቸው ይታረቃሉ?

ስለ እሷ ለማንም እንዳታነሺ፤ ለጋሼም ቢሆን።

እትዬ

———

የካቲት 25፣ በፈጣን መልእክት

እትዬ፣

ሰላምታ የለም። ሰላምታውን አንቺው ጨርሰሽዋል።

ሰልጣኝ የለችም።

መጀመሪያ ሳነበው ለዚያች ምስኪን አዘንኩ። ደግሜ ሳነበው ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ለጋሼ እንዳታነሺ አልሽኝ፤ ጋሼ ለማያውቃት ሰልጣኝ ምን ቤት ነው? ያ ባለ ክራቫት መንገድ መሀል ሲቆም ዳሽቦርድ መታሽ እንጂ አልጮህሽም። አንቺ! ስልክ አታነሺም። ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝና ለጋሼ ደወልኩ። እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ «የእትዬ ጉሮሮ እንዴት ዋለ?» አልኩት። አለቀሰ። ጋሼ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እናታችን ታውቃለች። ልጆቹ ያውቃሉ። የማሰልጠኛው ሥራ አስኪያጅ ያውቃል! ጠዋት ገብቼ ማታ እስክወጣ ከዕጢ ጋር የምውለው እኔ ብቻ አላውቅም! «ሥራዋን ጥላ እንዳትመጣ ብለን ነው» ይለኛል ጋሼ። እኔ እንግዳ ነኝ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባልን ያደግነው አንድ ቤት ውስጥ አይደለም? እናታችን በየሳምንቱ ስትደውል «ሁሉም ደህና፣ ሁሉም ደህና» ትለኛለች። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው ሁላችሁም የዋሻችሁኝ፣ ያውም ተመካክራችሁ!

የጠየቅሽኝን አልመልስም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምልሽ፤ ነገ ጠዋት ተመለሺ። ሐኪሙ ይሳቅ፣ ይዝፈን፣ ተመለሺ። ትኬት ልቆርጥ ነው።

ሚጣ

———

የካቲት 30፣ በፈጣን መልእክት

ለሊቋ እህቴ፣

ደበቅሽኝ ትያለሽ። ልነግርሽ ደውዬ ነበር። ሐኪሙ የበሽታዬን ስም የነገረኝ ዕለት ነው የደወልኩልሽ፤ ከእናታችን በፊት፣ ከጋሼም በፊት። ሥራ ቦታሽ ደወልኩ፣ ቤት ከሆንሽ ብቻሽን እንዳትሰሚው ብዬ። ድምፄ እንቢ አለኝ። በማግሥቱ ደግሞ ሞከርኩ። «ዕድሜዎን ያክብሩ» አልሽኝ። ሽማግሌው እኔ ነበርኩ፣ ሚጣ። ከዚያ በኋላ ሞቼ አልደውልም አልኩ፤ ቤቱንም ሁሉ አፍ አስያዝኩ። ልታኮርፊ ከሆነ እኔን አኩርፊ፣ እነሱ ምን በወጣቸው።

ጨረሩ እኔን ብቻ የመታ ይመስልሻል? ጋሼሽ ደህና ሳለሁ «እስቲ አፍሽን ያዢ፣ ሰው ሰማን» ይል የነበረው ሰውዬ አሁን እግሩን አጥፎ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ «ትንሽ አውሪኝ» ይለኛል። ልጆቹ በጫፍ እግራቸው ነው የሚሄዱት። ቤቱ ውስጥ ሰሃን እንኳን አይጋጭም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ የእኔ የቅርቦቹ ሁሉም ተለጥጠው፣ መልካቸው ጠፍቶ ተቀምጠዋል። እንዳንቺዎቹ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ጨረር ጎረቤቱን ስንቅ አቀባይ ያደርጋል ያለው ማን ነው? እኔ ነኝ? የእጅሽ ጽሑፍ ትራሴ ሥር አለ። በወሩ መግቢያ እንዲያ ብለሽ ወሩ ሳይወጣ «ተመለሺ» ትይኛለሽ። እውነት እንዲህ ቶሎ ይበላሻል እንዴ? ወይስ ለሰልጣኝ የሚነገር እውነት ሌላ፣ ለእህት የሚነገር ሌላ ነው? ያ ሐኪም እንኳን ዋሽቶ አልሳቀም፤ ሳያውቅ ነው የሳቀው። አንቺ ግን ታውቂያለሽ።

ፈርቻለሁ። ይኼን ለማንም አላልኩም። ጭምብሉ ሲቆለፍ ከውስጥ ሆኜ ካንሰሩ ስንቅ ሲቀበል እየታየኝ መተኛት አልችልም።

ትኬት ቆርጠሽ በለቅሶ ፊት ከመጣሽ በር አልከፍትልሽም። መልስ ካለሽ በጽሑፍ መልሺ።

እትዬ

———

መጋቢት 2፣ ወደ እናንተ በሚመጣ ሰው እጅ

እትዬ፣

የተጣደፈ ሰው አገኘሁና ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። እጄን መቁረጥ ቢቻል እቆርጠው ነበር። ይኼንን ሌላ ቀን አለቅሰዋለሁ፤ አሁን መልስ ጠይቀሽኛል።

ለሰልጣኝ ሌላ፣ ለእህት ሌላ እውነት የለኝም። አንድ ነው። ግን ግማሹን ነበር የጻፍኩልሽ። ለማላውቃት ሴት ስለነበረ በፕሮፌሰሩ ንዴት አሟሽቼ፣ ጉራዬን ጨምሬ ጻፍኩት። ሌላውን ግማሽ ስሚኝ።

እኔ ያየሁት ሳህን ነው። ሳህን ደም የለውም፤ ቆሻሻ የሚለቅሙት የሰውነት ዘበኞች የሉበትም። ጨረሩንም ላንቺ እንደሚሰጥሽ በየቀኑ በጥቂቱ አልሰጠሁም፤ በአንድ ጊዜ ለቀቅሁባቸው። ሰውነት ውስጥ ግን የዚያው የጎረቤቶቹ ጩኸት ዘበኞቹንም ይጠራል፤ ስንቅ ብቻ አይደለም የሚጠራው። ሁለቱም አለ። የትኛው እንደሚበረታ እኔም ፕሮፌሰሩም ገና አናውቅም። ሥራዬ የሚፈልገው ጨረሩ ላይ ምን ቢጨመር ስንቁ እንደሚቋረጥ ነው። ጨረሩ ይቅር የሚል አንድ መስመር ማስታወሻዬ ውስጥ የለም፤ ልላክልሽና እዪው።

«ካልነካቸው ይታረቃሉ?» ብለሽኛል። ድሮም ንጹሐን አልነበሩም እትዬ። ጨረር ሳይነካቸው በፊት ዕጢው አግባብቷቸው ሲያበሉት ኖረዋል። እሱን የሚገድል ምንም ነገር በሌለበት ለማን ተብሎ ነው የሚታረቁት?

የማውቀው፣ በሳህንም በሰውም ታይቶ ያለቀለት ነገር ግን አለ። ጨረር ተጀምሮ ሲቋረጥ ከሞት የተረፉት የካንሰር ህዋሳት እፎይ ብለው አይቀመጡም፤ ከበፊቱ በበለጠ ይጣደፋሉ። እያንዳንዱ የምትቀሪበት ቀን ለእነሱ ነው የሚቆጠረው። በዚህ ላይ አንድም ሊቅ አይከራከርሽም፣ የሚስቀውም ሐኪም ቢሆን። ሲስቅብሽ የተሳሳተው እሱ ነው፤ ለሱ ስህተት ግን አንገትሽን አትክፈዪ።

ደግሞ ይኼን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። «መፍራት ከፈለግህ ሳትገባ ነበር» ብለሽ ክራቫት ያደረገ ሰው አስለቅሰሻል። አሁን አንቺ የት ነው የቆምሽው? መስቀለኛው መሀል ላይ ነሽ እትዬ፣ ጥሩምባውን የነፋሁብሽ ደግሞ እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ። አንቺ ግን ፍሬኑን ልቀቂው። መሀል ላይ ቆሞ የዳነ የለም። ጨርሰሽ ተሻገሪ!

ሰውየው እየጮኸብኝ ነው፣ አውሮፕላኑ

ሚጣ

———

ሰኔ 10

ሚጣዬ፣

በተከታታይ ለላክሻቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ይህ አንድ መልስ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጋሼ «ደህና ናት» እያለ ይጽፍልሽ እንደነበር አውቃለሁ። በሱ ደህንነት መርካት እንደሌለብሽም አውቃለሁ።

ያን ደብዳቤ የተቀበልኩት መኪናው ውስጥ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ሳነብ አንዷ ሰልጣኝ መሪው ላይ ነበረች። የራሴን ስድብ መልሰሽ ስትሰድቢኝ እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቂኝ! የልጅቷ ሰዓት እስኪያልቅ በልቤ ስትሰደቢ ቆየሽ። ከዚያ ልጅቷን «ወደ ሆስፒታል ንጂ» አልኳት። በመስታወት ሳታይ ሁለቴ መስመር ለወጠች፤ ዝም አልኳት፣ የፈራሁት ሌላ ነበር።

የሐኪሙ በር ላይ ቆሜ፣ ድምፄ ስለማይደርስ፣ በትልቅ ወረቀት ጻፍኩ፦ «አንገቴን ሳይሆን ፊቴን እያየህ መልስ። ጎረቤቶቹ ምን ይሆናሉ?» ተማሪዎቹ ነበሩ። ያን ቀን አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እውነቱን ልንገርዎት፣ እሱን ገና አናውቀውም» አለኝ። እስቲ አሁን ይኼን ቃል በመጀመሪያው ቀን ቢናገር አፉ ይቆረጥ ነበር? ያንን ሁሉ ቀን በሳቁ ነው ያስበላኝ! ያመለጠኝን የሚያካክስ ጨምረውልኝ ጨረስኩ። ቆዳዬ ተላጠ፣ ውኃ እንደ ጠጠር ዋጥኩ፣ ጨረስኩ።

ባለፈው ሳምንት ጉሮሮዬን ካሜራ ባለው ቱቦ አዩኝ። ዕጢው የለም አሉ። «ለአሁኑ» አሉ፤ ያንን ቃል ቀንሼ አልጽፍልሽም፣ እንደማትወጂ አውቃለሁ። በየጊዜው እየሄድኩ እታያለሁ።

ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ጎረቤቶችሽ ቂመኞች ናቸው። አንገቴን እንደ ደረቀ ቆዳ አደረጉት፤ ወደ ጎን ዞሬ ማየት አልችልም። የመንጃ አሰልጣኝ ወደ ጎን ሳትዞር! ሥራ አስኪያጁ «ቢሮ ተቀመጪ» አለኝ። እምቢ ብዬ እስከ በሩ የሚደርስ ሰፊ መስታወት በገዛ እጄ ገጠምኩ። ሰልጣኞቹ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ እኔ ሁሉንም አያለሁ። አንቺ ግን እነዚያን ጎረቤቶች ሳትለቂ ያዢያቸው። ፕሮፌሰርሽ ቆሻሻ ናቸው ካለ የእኔን አንገት መጥቶ ይንካ።

ድምፄ አልተመለሰም፤ እንደማይመለስም ነግረውኛል። በእሱ ጉዳይ ለብቻዬ አልቅሼ ጨርሻለሁ፣ አንቺም ለብቻሽ ጨርሺ።

እሁድ ጠዋት እደውልልሻለሁ፣ ቤትሽ። አንድ ጎርናና ሽማግሌ መጀመሪያ ይተነፍሳል፤ ቃሉ እስኪወጣ ይቆያል። ተሳስተዋል እንዳትዪኝ። በድምፄ ባታውቂኝ በስድቡ ታውቂኛለሽ፤ እስከዚያ ድረስ እንዳትዘጊው።

እትዬሽ